«ሞተሩ ይውረድ» ከመባሉ በፊት ቴርሞስታቱ የት እንደገባ ይጠየቅ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ፈተና አይደለም፣ ስለ ደመወዝም አይደለም። ስለ መኪና ነው። «አንተ መኪና ሳይኖርህ ምን አገባህ?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው፣ የለኝም። ግን ካለፈው ኅዳር ጀምሮ የአጎቴ ኮሮላ ከእሳቸው እኩል እኔንም እንቅልፍ ስትነሳኝ ከርማለች። መጨረሻ ላይ ያየሁት ነገር ደግሞ ስላናደደኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

አጎቴ ከሁለት ዓመት በፊት የበርበሬ ብርና የሁለት በሬ ዋጋ አጠራቅመው አንዲት ያረጀች ኮሮላ ገዙ። የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ምርት፣ 1.3፣ ኢንጄክሽን። ከቆሼ ቡታጅራ፣ ከቆሼ ዝዋይ ኮንትራት ይሠሩባታል። የእኛ አገር ሰው እንደሚያውቀው ኅዳር የበርበሬ ሰሞን ነው፣ ሥራ የሚበዛበት። ብርዱም ያኔ ነው የሚመጣው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ቁልፍ ሲያዞሩ ሞቶሪኖው ደህና ይዞራል፣ ሞተሩም ይነሳል፣ ከዚያ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጥና ድርግም ይላል። እንደገና ያስነሳሉ፣ እንደገና ይጠፋል። እግራቸውን ነዳጅ መስጫው ላይ አድርገው አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ካላጓሩባት አትቆምላቸውም። ከሞቀች በኋላ ግን ምንም የላትም፣ እንደ ጤነኛ ትሄዳለች። ደንበኛ ግን አሥራ አምስት ደቂቃ አይጠብቅም። ባጃጅ ወይም ሌላ መኪና ይይዝና ይሄዳል።

የመጀመሪያው ጋራዥ ካንዴላዎቹን ቀየረ። ለሁለት ቀን ደህና የሆነች መሰለች። ከዚያ የቤንዚን ፖምፓ ነው ተባለ፣ ተቀየረ። ቀጥሎ ሌላ ጋራዥ «ሚኒሞው ወርዷል» ብሎ በካቻቢቴ ብሎኗን አዞረና ዙሩን ከፍ አደረገው። አሁን ጠዋት ትንሽ ትሻላለች፣ ግን ከሞቀች በኋላ ቆማ ስትሠራ እንደ ወፍጮ ትጮሃለች፣ ቤንዚን ደግሞ እንደ ውሃ ትጠጣለች። ሦስተኛው ጋራዥ ካንዴላዎቹን ፈትቶ ጥቁር ጥላሸት ሲያይ ራሱን ነቀነቀና «ጋሼ፣ ይሄ ፋሻ ነው፣ ሞተሩ መውረድ አለበት» አላቸው። እስከዚያ ድረስ የወጣውን እኔ ነበርኩ በደብተር የምጽፍላቸው፣ 38 ሺህ ብር አልፎ ነበር። ሞተር ማውረድ ሲባል አጎቴ ዝም አሉ። ማታ ቤት መጥተው «ልሽጣት መሰለኝ» አሉኝ። ስንት ልትሸጧት ነው ስላቸው የነገሩኝን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፣ ያሳፍራል።

እኔስ ምን አልኳቸው መሰላችሁ? ፊዚክስ አስተማሪው እኔ፣ በሙሉ ልብ «ቤንዚኑ ነው» አልኩ። በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን፣ ላምባ የተቀላቀለበትን ማለቴ ነው። ሰው ሁሉ የሚለውን ነው የደገምኩት። ሳልለካ ፈረድኩ። ተማሪዎቼ ቢሆኑ ከአሥር ዜሮ የምሰጣቸውን መልስ ነው የሰጠሁት።

አሁን ነገሩ ለምን ጠዋት ጠዋት ብቻ እንደሚሆን ላስረዳ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚቆመው እዚህ ላይ ነውና። ቤንዚን ፈሳሽ ሆኖ አይነድም፣ ተንኖ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ነው የሚነደው። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ከሚረጨው ቤንዚን ብዙው አይተንም፣ የአየር መግቢያው ግድግዳ ላይ እርጥበት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ሞተር ተጨማሪ ቤንዚን ይፈልጋል። ተጨማሪ አየርም ይፈልጋል፣ ወፍራም ዘይት እየገፋ ስለሆነ ዙሩ ከፍ ማለት አለበት። በድሮዎቹ ላዳና ዲኤክስ ላይ ይህን የሚሠራው ሹፌሩ ራሱ ነበር። የአየር መዝጊያዋን ጎተት ያደርጋል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይመልሳታል። ካርቡሬተር ምንም አያውቅም፣ የሚያውቀው ሰውየው ነው።

ኢንጄክሽን መኪና ላይ ግን የሚወስነው ኮምፒዩተሩ ነው። ኮምፒዩተሩ እጁን ሰዶ ሞተሩን አይዳስስ! ጠዋት መሆኑን በምን ያውቃል? የሞተሩ ውሃ ውስጥ በተተከለች አውራ ጣት በምታክል ሴንሰር ነው። ሴንሰሯ ውሃው ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ መቋቋሟ ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ትምህርት ነው፣ ሬዚስታንስ የምንለው። በዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ነው። ኮምፒዩተሩ ይህቺን ቁጥር አይቶ «ብርድ ነው፣ ቤንዚን ጨምር፣ ዙር ከፍ አድርግ» ወይም «ሞቋል፣ ቀንስ» ይላል። ሴንሰሯ ከዋሸች ኮምፒዩተሩ ውሸቱን አምኖ ይሠራል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ የድሮ ተማሪዬን አገኘሁት። ቴክኒክና ሙያ ገብቶ አውቶ ተምሯል። እኔ ክፍል ሳለ ከኋላ ወንበር የማይነሳ፣ ነገር ግን የተበላሸ ሬዲዮ ካየ የማይለቅ ልጅ ነበር። ታሪኩን ስነግረው አንድም ነገር አልፈረደም። «ቲቸር፣ መልቲሜትር ከትምህርት ቤቱ ላብ ማግኘት ይቻላል? እሁድ ጠዋት፣ ሳትነሳ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እመጣለሁ» አለኝ። ሳትነሳ የምትለዋን ልብ በሉ። ሦስቱም ጋራዦች መኪናዋን ያዩዋት ተነድታ ከደረሰች በኋላ ነው፣ ማለትም ሞቃ። ጠዋት ብቻ የሚያመውን በሽተኛ ከሰዓት በኋላ እየመረመሩ!

እሁድ መጣ። መጀመሪያ ኮፈኑ ሥር ካለችው የምርመራ ሶኬት ሁለቱን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኘ። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራቷ እኩል እኩል ብልጭ ድርግም ትል ጀመር። «ይሄ ጥፋት አልመዘገብኩም ማለቷ ነው» አለኝ። የውሃው ሴንሰር ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ትንሽ አርፋ እንደገና ሁለት ጊዜ ትበራ ነበር፣ ኮድ 22 ማለት ነው። (ሽቦውን በዘፈቀደ የትም እንዳትሰኩ፣ ቀዳዳዎቹ ስም አላቸው፣ ማገናኘት ያለበት ቲኢ1ን ከኢ1 ጋር ብቻ ነው። ከተሳሳታችሁ ኮምፒዩተሩን ታቃጥሉታላችሁ።) እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። እሱ ግን የሴንሰሯን ሶኬት ነቅሎ ለካ። ብርድ ነው፣ ጋቢ ለብሰን ቆመናል፣ ቁጥሩ ከ3 ኪሎ ኦም በላይ መሆን ነበረበት። መልቲሜትሩ የጻፈው 0.7 ነው። እንዲያውም ሁለቴ አስለካሁት። ኮምፒዩተሩ በዚያ ውርጭ ሞተሩ ወደ ሃምሳ ስልሳ ዲግሪ የሞቀ መስሎት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ጭማሪ ቤንዚን አይሰጥም፣ ዙርም አያነሳም፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። የሴንሰሯ መያዣ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበታል፣ ፒኖቿ አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል። ቁጥሯ የተዛባ ይሁን እንጂ ከሚታመነው ክልል ስላልወጣች ኮምፒዩተሩ ጥፋት ነው ብሎ አልመዘገባትም።

አጎቴ «ግን እኮ የሙቀት መርፌው ደህና ያሳያል» አሉ። ይህን የሚል ሰው ብዙ ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ ሴንሰሮቹ ሁለት ናቸው። ባለ አንድ ሽቦዋ ለዳሽቦርዱ መርፌ፣ ባለ ሁለት ሽቦዋ ለኮምፒዩተሩ። መርፌው ደህና መሆኑ ለኮምፒዩተሩ የሚነገረው እውነት ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም።

አዲስ ሴንሰር ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣን፣ ተገጠመ። በማግስቱ ጠዋት ቁልፍ ሲያዞሩ አንድ ጊዜ ተነሳች፣ ዙሯ ከፍ አለ፣ ቀጥ ብላ ቆመች። አጎቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው አዩዋት።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። አላለቀም። ልጁ በካቻቢቴ የተዞረችውን ብሎን ወደ ቦታዋ መልሷታል (ፋብሪካው ያስቀመጣት ቦታ ነች፣ መነካት የለባትም)፣ ያም ሆኖ ዙሩ አልወርድ አለ። ሃያ ደቂቃ፣ ሠላሳ ደቂቃ፣ አሁንም ከፍ እንዳለ ነው። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፣ ቴርሞስታት አላት?» ብሎ ጠየቀ። አጎቴ በኩራት «የለም! ስገዛት ጊዜ ባለቤቱ አስወጥቼዋለሁ፣ አትሞቅም ብሎኛል» አሉ።

በቃ፣ ሌላው ችግር ይሄው ነው። አዲሷ ሴንሰር አሁን እውነቱን ነው የምትናገረው፣ ሞተሩ በእርግጥም አልሞቀም! ቴርሞስታት ማለት ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋ፣ 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የሚከፍት በር ነው። በሩ ከወጣ ውሃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ራዲያተር ውስጥ ይዞራል፣ ሞተሩ የሚፈልገው ሙቀት ላይ ለመድረስ ይቸገራል። ኮምፒዩተሩ ደግሞ «ገና ጠዋት ነው» እያለ ቤንዚን ይጨምራል። ጥላሸቱ የመጣው ሦስተኛው ጋራዥ እንዳለው ከፋሻ አልነበረም፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ስለሚሠራ ቤንዚኑ በደንብ ስለማይነድ ነው። ያልነደደው ቤንዚን ዘይቱን ያቀጥናል፣ ቆይቶ ደግሞ ፋሻውን በእውነት ይበላዋል። በሌላ አነጋገር ቴርሞስታት ያስወጣ ሰው የዛሬ ሦስት ዓመት ለሚወርድ ሞተር ቀብድ ከፍሏል።

ቴርሞስታት ማስወጣትን የሚደግፉ ወዳጆቼ የሚሉትን አውቃለሁ፦ «አገራችን ሞቃት ነው፣ ካልወጣ ውሃ ያፈላል።» ይህን ክርክር ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም፣ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ቡታጅራ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ 100 ዲግሪ አይደርስም፣ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ክዳኑ የላላ ራዲያተር ያለው መኪና እዚህ ቶሎ ቢያፈላ አይገርምም። ጤነኛ ክዳን ግን ግፊት ይዞ የሚፈላበትን ነጥብ ከ100 በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መቀየር ያለበት ክዳኑ ነው፣ ከሁሉም ርካሹ ዕቃ። ቀጥሎ ራዲያተሩ። በኩላንት ፋንታ የጉድጓድ ውሃ ስንሞላ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረው ነጭ ነገር ራዲያተሩም ውስጥ ይቀራል፣ ሴንሰሯንም የሚያዝጋት እሱ ነው። ቴርሞስታቱ ራሱ ተዘግቶ ሊቀር ይችላል፣ እውነት ነው፣ ያኔ ይቀየራል እንጂ አይጣልም። አንዳንድ ሞተሮች ላይ እንዲያውም ቴርሞስታቱ ሲወጣ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ስለሚመለስ ዳገት ላይ የባሰ ያሞቃል። የታመመውን ትቶ ጤነኛውን ማስወጣት ነው የያዝነው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው እንደማይስማማኝ አውቃለሁ። መካኒኮቹን ብቻ አልወቅስም። ሦስቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሙያውን የተማሩት በልጅነታቸው ካርቡሬተር ላይ፣ ቁልፍ እያቀበሉ ነው። ካርቡሬተር ላይ ብሎን ማዞር ትክክለኛ ሕክምና ነበር። ትልቁ ጥፋት የእኛ የባለ መኪኖቹ ይመስለኛል። አጎቴ ለካንዴላ፣ ለፖምፓ፣ ለእጅ ዋጋ 38 ሺህ ብር ሲከፍሉ አላጉረመረሙም፣ ዕቃ አይተዋላ! ልጁ ለሁለት ሰዓት ልኬት 500 ብር ቢጠይቃቸው ግን፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ «ምን ሠራህና?» ይሉት ነበር። እኔም እል ነበር። እኛ ለዕቃ እንጂ ለማወቅ አንከፍልም። መካኒኩም ይህን ስለሚያውቅ ዕቃ ይሸጥልናል። ለምርመራ ብር የማይከፍል ደንበኛ በግምት የሚሠራ ጋራዥ ያፈራል፣ ከዚያ «መካኒክ ሁሉ ሌባ ነው» ይላል።

ይሄ ነገር ድሮም ነበር፣ አሁን ግን ዋጋው ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ግን ከቆሼ ዝዋይ በርበሬ የሚያመላልስ ሰው ነገ የኤሌክትሪክ መኪና አይገዛም። ያሉን ኮሮላዎች፣ ቪትዞች፣ ዶልፊኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። አንዷ በስህተት ሞተሯ ወርዶ ብትበላሽ በእሷ ቦታ ሌላ ማስገባት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም።

ስለዚህ መኪናችሁ ጠዋት ጠዋት የምትንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ከዕቃ ግዢ በፊት እነዚህን አድርጉ። ማታ ጋራዥ አሳድሯት ወይም መካኒኩን ጠዋት ቤት ጥሩት፣ ሳትነሳ ይያት። ቴርሞስታት እንዳላት ጠይቁ፣ ሻጩንም መካኒኩንም። መልሱን ካላመናችሁ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ፦ ከቡታጅራ ወደ ቆሼ በጠዋት ስትወርዱ የሙቀት መርፌው ከመሃል አካባቢ ወደ ታች የሚንሸራተት ከሆነ ቴርሞስታቱ ወይ የለም ወይ ተከፍቶ ቀርቷል። የሴንሰሯን ኦም አስለኩ፣ ቁጥሩን በወረቀት ተቀበሉ። ከዚያ የጎማ ቱቦዎቹን እዩ። ያረጀ ጎማ በብርድ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ያልተቆጠረ አየር ይገባል፣ ሲሞቅ ለስልሶ ይገጥማል። ይሄም ልክ እንደ አጎቴ መኪና ጠዋት ብቻ የሚያም በሽታ ነው፣ ፊሽካ የመሰለ ድምፅም ይሰማል። የአየር መግቢያው በርና የሚኒሞ አየር የሚያልፍባት ጠባብ ቀዳዳ በጥላሸት ከተደፈነች በማጽጃ መታጠብ በቂ ነው። እዚህ ሁሉ ላይ ምንም ካልተገኘ የሲሊንደር ግፊት ይለካ። ሞተር መውረድ ያለበት ያ ቁጥር ከታየ በኋላ ብቻ ነው። የተቀየረ ዕቃ ካለ ደግሞ አሮጌውን ተቀበሉ፣ የእናንተ ንብረት ነው።

በነገራችን ላይ በብርድ መኪና እስክትሞቅ ብላችሁ በር የተዘጋ ቤት ውስጥ አታቁሟት። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው ይገድላል። ግቢ ውስጥ ከሆነም የመኝታ ቤት መስኮት ሥር አይሁን።

ቴርሞስታቱ ከተገጠመ አሁን አራተኛ ሳምንቱ ነው። ዙሯ ጠዋት ከፍ ይላል፣ ጥቂት እንደሄደች ይወርዳል። ቤንዚኑም ቀንሷል፣ ስንት እንደቀነሰ ግን ገና እየመዘገብን ነው፣ ወር ሳይሞላ ቁጥር አልሰጥም። አጎቴ አሁንም ቴርሞስታቱን ሙሉ በሙሉ አላመኑትም፣ ዝዋይ በደረሱ ቁጥር ቆም ብለው መርፌውን ያያሉ። የተበላሸችዋን ሴንሰር ግን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይዞራሉ። ባለፈው ሦስተኛውን ጋራዥ አልፈው ሲሄዱ ገብተው አሳይተውታል አሉ። ሰውየው አገላብጦ አይቶ «የት ነው የምትለካው?» ብሎ ጠይቋቸዋል። ልጁን ልከንለታል።

የመኪናችሁን ሞዴልና ጠዋት የምታሳየውን ጠባይ ኮሜንት ላይ ጻፉ። የሚመልስላችሁ እኔ ሳልሆን ልጁ ነው።